ግንባር ላይ የታሰረ ባትሪ

ከጊንጪ ወጣ ብሎ፣ የጭሊሞ ጫካ ጥድና ወይራ ከእርሻው ጋር በሚዋሰንበት ጥግ አንድ ገበሬ ይኖር ነበር። ሁለት በሬ፣ ሁለት ላም፣ አንዲት ጊደር፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሞላው ልጅና ባለ ሁለት ድንጋይ የእጅ ባትሪ ነበረው። ከዚህ ሁሉ ሀብት ሌሊት ሌሊት ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ባትሪው ነበር፤ በባትሪው ምክንያት ደግሞ ልጁ።

ገበሬው በጨለማ ሲያልብ፣ የላላ ገመድ ሲያጠብቅ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሲደፍን ባትሪውን የሚይዝለት ልጁ ነው። ልጅ ባትሪ ሲይዝ ግን የሚያበራው አባቱ ወደሚያየው ሳይሆን ራሱ ወደሚያየው ነው። አይጥ ስትሮጥ ካየ ብርሃኑ ከአይጧ ጋር ይሮጣል። ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ከተንኮሻኮሸ ብርሃኑ ሽቅብ ይወጣል። እንቅልፍ ሲጥለው ደግሞ ክንዱ ይላላና ብርሃኑ እግሩ ሥር ይተኛል። አባት «ወዲህ! ወዲህ አብራ እንጂ! ዓይንህ የት ነው ያለው?» ይላል። ልጁ «እሺ አባዬ» ይልና ለጥቂት ጊዜ ያቃናል። በዚህ ጉዳይ የሚፈርድ ሰው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ ወይ ባትሪ ይዞ ተቆጥተውታል፣ ወይ ባትሪ ያስያዘውን ልጅ ተቆጥቷል።

ልጁ በሌለ ጊዜ ገበሬው ባትሪውን በጥርሱ ይነክሰዋል። ብረቱ ጥርስ ያንዘረዝራል፣ ምራቁ በአገጩ ይወርዳል፣ ላሟ ደንግጣ ስትወራጭ «አይዞሽ» ሊላት ሲፈልግ አፉ ሥራ ይዟል።

አንድ የገበያ ቀን ከአዲስ አበባ አምቦ፣ ከዚያም ነቀምት የሚዘልቀው አስፋልት ዳር ወዳለ ጎሚስታ ጎራ አለ። ጎሚስታው ያረጀ ከመነዳሪ በመቀስ እየሰነጠቀ ለጋሪ ጭነት ማሰሪያ የሚሆን ጠፍር ያወጣል።

«ምን ሊያስሩበት ነው ጋሼ?»

«ራሴን።»

ጎሚስታው ሳቀና ከለመደው ስፋት ትንሽ ጨመር አድርጎ ቆረጠለት።

የሰፋችው ሚስቱ ናት፤ ብልሃቱም የእርሷ ነው። ገበሬው ባትሪውን መሃል ግንባሩ ላይ ሊያደርገው ነበር። እርሷ ግን ስንዝር የሚያህል ቱቦ መሃል ግንባር ላይ ቢቆም እንደ ቀንድ ወደ ፊት ይወጣል፣ ክብደቱም ጠፍሩን እየጎተተ አፍንጫ ላይ ያወርደዋል አለችው። እውነቷን ነው። ትልቁ የባትሪ ድንጋይ አልካላይን ከሆነ አንዱ ብቻ 140 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሁለት ሲሆን፣ የባትሪው ብረት ሲጨመርበት፣ አንገት የሚያሳምም ሸክም ነው። በከተማ ሱቅ የሚሸጡት የግንባር ባትሪዎች ብዙዎቹ የድንጋዩን ሳጥን ማጅራት ላይ የሚያስቀምጡት ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እንዲካፈል ነው። አሁን አሁን ገበያውን የሞላው፣ እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ቀጭን ባትሪ ሲሆን ነገሩ ይቀላል፤ ድንጋዩ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ክብደቱም ከ50 ግራም የማይበልጥ ነገር ነው። የገበሬው ግን የድሮው ዓይነት ነበር።

ስለዚህ ሴትየዋ ባትሪውን ከቀኝ ጆሮው በላይ አጋደመችው። ከዚያው ከመነዳሪ ሁለት ቀለበት አውጥታ ጠፍሩ ላይ ሰፋች፤ የኋላውን ቀለበት ከፊተኛው አንድ ጣት ያህል ከፍ አደረገችው፣ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይልቅ እጅ ወደሚሠራበት ዝቅ እንዲል። ጠፍሩ እንዳይንሸራተት በመሃል አናቱ ላይ አንድ ተጨማሪ አሻገረች። ጎማ ጸጉር ይነጫል፣ በላብም ያሟልጫል፤ ስለዚህ ከሥሩ ያረጀ ነጠላ አጥፋ ሰፋችበት። ስትለካው፣

«ወዴት ነው የምታየው?» አለችው።

«ወደ አንቺ።»

«እኔን ተወኝና እጅህን እይ።»

እጁን አየ። ብርሃኑም እዚያው መዳፉ ላይ ዐረፈ።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ጭቅጭቁ ቀረ። ልጁ በጊዜ ተኛ። ገበሬው በሁለት እጁ አለበ፣ በሁለት እጁ ሚስማር መታ፣ በአፉም ላሞቹን እያባበለ ዋለ፤ ማለቴ አደረ። ማንንም «ወዲህ አብራ» ማለት ሳያስፈልገው ብርሃኑ ባየበት ሁሉ አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጤና ጣቢያ ውስጥ መብራት ሲጠፋባት ስልኳን አገጯ ሥር ወትፋ ስታዋልድ የነበረች ነርስ ካለች ትመስክር።

ችግሩ ማውለቁን መርሳቱ ነበር። ማታ ቡና ሲጠራ፣ ልቅሶ ቤት ሲሄድ፣ ጠፍሩ ከነባትሪው ራሱ ላይ ነው። ሰው በተናገረ ቁጥር ወደ ተናጋሪው ዞር ይላል፤ ተናጋሪው ዓይኑን በእጁ ይከልልና ወሬውን ያቋርጣል። ገበሬው «ሰው ሁሉ ምን ነክቶት ነው እኔን ሲያይ የሚያፍረው?» ብሎ ሚስቱን ጠየቃት። ትንሽ ትልቁ አኮ የሚላቸው አሮጊት ጎረቤት ነበሩ፤ እርሳቸው አላፈሩም። «አንተ ልጅ፣ ያን ነገር አጥፋው» አሉት። «አንተ ሁላችንንም ታየናለህ፤ አንተን ግን ማንም አላየህም።»

ነሐሴ ላይ አንደኛዋ ላም ምጥ ያዛት። ሌሊት ነው፣ ጉሙ ከጭሊሞ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ገበሬው ጠፍሩን አስሮ በረት ገባ። የጥጃው አፍንጫና አንድ ሰኮና ብቅ ብለዋል፤ ሁለተኛው ሰኮና የለም። የታየችውን ሰኮና ገልበጥ አድርጎ አየ፤ መርገጫዋ ወደ መሬት ነው፣ ስለዚህ የፊት እግር ናት፣ አመጣጡ ደህና ነው፤ አንደኛው የፊት እግር ግን ጉልበቱ ላይ ታጥፎ ወደ ኋላ ቀርቷል። እጁን በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ እስከ ክርኑ ታጠበ። ውሃውን ያመጣው ራሱ ነው፣ ከቤት እስከ በረት ተመላልሶ። ሚስቱ ላሟን ከፊት ያዘች። ምጡ ፋታ ሲሰጥ ጠብቆ ጥጃውን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መለሰው፣ ታጥፋ የቀረችውን እግር በዳሰሳ አገኛት፣ ሰኮናዋ ማህፀኑን እንዳትቀድ በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ፊት አወጣት። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ባትሪ ምንም አይሠራም፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ የሚያየው መዳፍ ነው። ከዚያ ግን ገመዱን ከሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች በላይ አስሮ፣ ከምጡ ጋር እየጠበቀ፣ ወደ ታች ወደ ታች እየሳበ ሲያወልዳት ብርሃኑ ከእጁ አልተለየም። ጥጃው ወጣ። አፍንጫውን ጠረገለት፣ በገለባ ጫፍ ኮረኮረው፣ ጥጃው አነጠሰና ተነፈሰ። ገበሬው ብቻውን ሳቀ። በጥርሱ ባትሪ ነክሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ አይሠራም ነበር።

ወገቡን ሊያቃና ቀና ሲል ብርሃኑም አብሮት ቀና አለ፣ በሩ ላይም ዐረፈ። በሩ ክፍት ነው። ውሃ ሲያመላልስ መወርወሪያውን ሳይመልስ ቀርቷል። ጊደሯ የለችም።

ድሮ ቢሆን ብርሃኑ በልጁ እጅ ነበር። የልጁ ብርሃን አንድ ቦታ አይቆይም፤ ወደ አይጧ፣ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ጥጉ ሲዞር አንድ ጊዜ በሩን ሳይነካ አያልፍም ነበር። የገበሬው ብርሃን ግን ከምጡ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገበሬው ያየውን ብቻ አየ።

እየሮጠ ወጣ። ፊቱ ላይ ነጭ ግድግዳ ቆመ። ግንባሩ ላይ ያለው ብርሃን የጉሙን ጠብታ ሁሉ እያበራ ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ከክንዱ ርዝመት ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። አንገቱን ደፍቶ መሬቱን አየ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮቲቻ፣ አማርኛ ተናጋሪው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ሁሉን ነገር ይቀርጻል፣ የዶሮ እግር እንኳ አይስትም። ለገበሬው ግን ልሙጥ ሆኖ ታየው፣ ምንም ያልረገጠው። ከጫካው በኩል ጅብ ጮኸ።

ሚስቱ ልጁን ቀሰቀሰችው። አኮም ጫጫታውን ሰምተው ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ።

«ዱካዋስ?» አሉ።

«ዱካ የለም አኮ። መሬቱን ሁሉ አየሁት።»

«አላየኸውም። አውልቀው።»

አወለቀና ባትሪውን ከቀለበቶቹ ስቦ አወጣው። አኮ እጁን ይዘው ባትሪውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዝቅ አደረጉት፤ ብርሃኑ መሬቱን ከላይ ከማየት ይልቅ ከጎን ታክኮት እንዲሄድ አጋደሙት። ያን ጊዜ መሬቱ ተነሣ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ብርሃን ሆነ፤ ለሁለት የተሰነጠቀ የሰኮና ዱካ አንድ በአንድ ከበሩ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ግራ ተሰልፎ ታየ። ጉሙም ከብርሃኑ በላይ ጨለማ ሆኖ ቀረና ዓይን መውጋቱን ተወ።

ልጁ ባትሪውን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀደመ። ዱካው ወርዶ ወርዶ የአዋሽን መነሻ የሚመግብ አንድ ቦይ ዳር ደረሰና ውሃ ውስጥ ጠፋ። ሁሉም ቆሙ። ጉሙ እዚያ ሳሳ ብሏል። ልጁ አባቱ ሲያደርግ እንዳየው ባትሪውን ወደ ግንባሩ አነሣና ማዶውን ቃኘ። ጭቃው ውስጥ ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች በሩ።

ጊደሯ እስከ ሆዷ ሰምጣለች። አሁን ደግሞ እንደገና ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ገበሬው ጠፍሩን አወጣ፤ ግን ራሱ ላይ አላሰረውም፣ ልጁ ራስ ላይ አሰረው። ሰፍቶት ስለወረደ እናቱ ከኋላ ቋጠረችለት። አባት ገመዱን ይዞ ጭቃው ውስጥ ገባ። ደረቷን ሊያስር ሲል ጅቡ እንደገና ጮኸና ልጁ ወደ ጫካው ዞረ፤ ብርሃኑም ሄደ። አባት «ወዲህ! ወዲህ አብ…» ካለ በኋላ ቆም አለ።

«ወዲህ እይ» አለው።

ልጁ አየ። ሊነጋጋ ሲል ጊደሯ ወጣች። ጫካው ዳር ደግሞ ምን እንዳለ ልጁ አይቶ ነበርና ሲመለሱ በላይኛው መንገድ ወሰዳቸው።

ምሳሌው ይህ ነው። ከእሱ ልወስድ የምፈልገው ብዙ አይደለም፤ መጀመሪያ ግን አኮ ያደረጉት አስማት እንዳይመስል ነገሩን ልግለጠው። ብርሃን ከዓይን አጠገብ ሲነሣ ጥላዎች ሁሉ ከነገሮቹ ጀርባ ይደበቃሉ፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጉድጓዱና ጉብታው አይለይም። ግድግዳ የሚለስን ሠራተኛ ሥራውን ሲመረምር አምፖሉን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ የሚይዘው ለዚህ ነው። በአምቦ መንገድ ክረምት የሚያመላልሱ ሾፌሮችም የጉም መብራት ከመከላከያው ጋር ዝቅ ብሎ የተገጠመበትን ምክንያት ሳይነገራቸው ያውቃሉ። በአንጻሩ ጠባብና ጥልቅ ነገር ሲሆን ብርሃን ከዓይን ጋር በአንድ መንገድ ካልሄደ ምንም አይታይም። ሄልምሆልትስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1851 በሕይወት ያለ ሰው ዓይን ውስጥ ዘልቆ የሚያይበትን መሣሪያ ያስተዋወቀው ይህን ተረድቶ ነው፤ ብርሃኑን በሚያይበት መስመር ላከው፣ ጥቁር ይመስል የነበረው ብሌንም በራ። የጊደሯ ዓይን የበራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልጁ ባትሪውን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ቢቀር ኖሮ አያያትም ነበር።

እንግዲህ በጠፍሩ ላይ የማቀርበው ክስ የለም። የምፈራው ሌላ ነው። ዓይንን ብቻ የሚከተል ብርሃን ዓይንን አይቃወመውም። ያላየነውን ነገር ሁሉ ጨለማ ያደርገዋል፤ ጨለማውን ደግሞ እኛ ባዶ ነው እንላለን። ገበሬው «መሬቱን ሁሉ አየሁት» ሲል አልዋሸም።

እዚያው ጊንጪ ላይ ይህን የሚመስል ነገር በቀን ብርሃን ሆኗል። የኢትዮጵያ ደጋ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መረሬ አፈር አለው፤ በክረምት ውሃ ይዞ ዘር ስለሚያበሰብስ ገበሬው ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ መዝራት ልማዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ከአገር ውስጥ የግብርና ምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ በዚህ አፈር ላይ ተነሣ፤ ጊንጪም አንዷ የሙከራ ቦታ ነበረች። የእንስሳት ማዕከል እርሻ ውስጥ ምን አገባው ለሚል፣ ጎታቹ በሬ ስለሆነ ነው። ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው ሰፊ መደብና ማጠንፈፊያ ቦይ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ውሃው ተጠነፈፈ፣ ስንዴ በጊዜ ተዘራ፣ ምርቱ ጨመረ። የተመራማሪው ብርሃን ውሃው ላይ ነበር፤ ውሃው ላይ ያየውም ትክክል ነበር። ገበሬው ግን መሣሪያው ከበደኝ አለ። የበሬውን ትከሻ፣ እርጥቡን ጭቃ፣ መሣሪያውን ተሸክሞ ማሳ ድረስ መሄዱን የሚያየው እሱ ነዋ። ክብደቱን መቀነስ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የዘለቀ ሥራ ሆነ።

የሚገርመኝ ግን የሐሳቡ አመጣጥ ነው። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ላይ ሴቶችና ልጆች በእጃቸው አፈር እያፈሱ እንዲህ ያለ መደብና ቦይ ሲያበጁ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ መነሻ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ያኔ ባትሪው በሌላ ሰው እጅ ነበር፣ እነሱም ወደበራበት ዞረው አዩ። መደቡን ከእነዋሪ ሴቶች የተማረ ሰው፣ ክብደቱንም ከጊንጪ በሬ ጠባቂ ልጅ አስቀድሞ ሊማር ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህ ግን ከተደረገ በኋላ ማውራት ነው፤ የነሱን ያህል ጭቃ አልረገጥኩም።

ጠፍር ሊያሠራ ለሚያስብ ሰው የገበሬው ሚስት ያደረገችው አንድ ነገር ይጠቅመዋል። ሁለቱን የባትሪ ቀለበቶች አጥብቃ አልሰፋቻቸውም። ከመነዳሪው በራሱ ስለሚጨብጥ ባትሪው ሲሮጡበትም አይወድቅም፤ ሲፈለግ ደግሞ በአንድ እጅ ተስቦ ይወጣል። ባትሪውን ለዘለቄታው በሽቦ የሚጠፍሩም አሉ። ጎሚስታው እንዲያ እንዲያደርግላችሁ አትፍቀዱለት፤ ጠፍሩንም ስታስለኩ የራሳችሁን ራስ ብቻ አታስለኩ፣ ከኋላ የሚቋጠርበት ትርፍ ይተውላችሁ።